የናሙናው ቤት ወለል

የፕላን ሹሙ ሞቶ የተገኘው ማንም ኖሮበት በማያውቅ ቤት ውስጥ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ወደፊት ለሚሠሩት ቤቶች ሁሉ ናሙና ይሆናል ብሎ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ያስገነባው ባለ አንድ ፎቅ ነበር። የከተማው ሰው ግን «ላም አለኝ በሰማይ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ጠዋት በሩን ሊከፍት የሄደው ዘበኛ ሹሙን ከደረጃው ሥር ተዘርሮ አገኘውና መርማሪ ተጠራ።

መርማሪው ጉልበቱን የሚያመው፣ ብዙ ወሬ የሚሰለቸው ጎልማሳ ነው። ባልደረቦቹ «አነፍናፊው» ይሉታል፤ ሲሉት ይሰማል፣ እንዳልሰማ ያልፋል።

«አዳልጦት ነው» አለ ከንቲባው ገና ከበሩ። «ትናንት ከሰዓት ያ ሁሉ ዝናብ ዘንቦ፣ በጭቃ ጫማ ደረጃ ወጥቶ… መደገፊያ እንኳ የለውም፤ አየህ?»

«መደገፊያውን አስቀሩት እንጂ እኔማ ልሠራ ነበር» አለ ቤቱን የሠራው ኮንትራክተር። «ፎቶ ላይ አያምርም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

አነፍናፊው ሁለቱንም ትቷቸው ሬሳውን ዞሮ አየ። ሹሙ በጀርባው ተንጋሏል፤ ጭንቅላቱ ወለሉ ላይ፣ እግሮቹ ደረጃው ላይ። ከበሩ እስከ ደረጃው ያለው ነጭ ሴራሚክ ንጹሕ ነው። የሟቹ የጭቃ ኮቴ ከመጀመሪያው እርከን ጀምሮ እስከ ፎቅ ይወጣል። በሩ ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ ሁለት የጭቃ ምልክቶች ጎን ለጎን ደርቀዋል። ፎቅ ላይ አንድ መወልወያ ጨርቅ ወድቋል፤ መስኮቱ ላይ ደግሞ አበባ ያለበት መጋረጃ ተሰቅሏል።

«መጋረጃውን ማን ሰቀለው?»

«መጋረጃ?» አለ ከንቲባው። «በጀታችን ላይ መጋረጃ የሚባል ነገር የለም።»

አነፍናፊው ከንቲባውን ቢሮው ድረስ ተከተለው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ከእሱ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? ለመጪዎቹ ዓመታት ስንት ቤት ያስፈልገናል ብለን አዘዝነው። ቤት ለቤት ዞረ፣ ደመረ፣ ቀነሰ። ከዚያ መጥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ምንም አያስፈልግም! ዛሬ ተጣበው የሚኖሩት ነገ ይሄዳሉ፤ ወጣቱ አንድም አይቀርም፤ ያሉት ቤቶችም ባዶ ይሆናሉ አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«ቁጥሩን ከፍ አድርገው አልኩት። ቤት ሳልሠራ ማን ይመርጠኛል? እምቢ አለ። የበላዮቻችን ደግሞ የእሱን ሐሳብ ተቀበሉ። ናሙናውም እንዲፈርስ ትናንት ጠዋት ተወሰነ። ተናድጃለሁ፣ አልዋሽህም። ግን በቁጥር ሰው አይገደልም።»

ኮንትራክተሩም አልሸሸገም። «ያን ሁሉ ሥራ አሳጥቶኛል፤ ረግሜዋለሁ። እርግማን ግን ሰው አይገፈትርም።»

የሹሙ ሚስት የምትኖረው በሰው ግቢ፣ ከኋላ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አነፍናፊው ከደጃፉ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያዘ።

«ኧረ አያውልቁ ወንድሜ፤ የሰው ቤት ነው» አለችው። እሷም ጫማዋን አላወለቀችም።

በገመድ የታሰሩ ካርቶኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል።

«ልትለቁ ነበር?»

«ሁሌም ልንለቅ ነው። አከራይ ‹ልጄ ሊያገባ ነው› ባለ ቁጥር ካርቶን ፍለጋ ከምዞር ብዬ ነው።»

«ስንት ቤት ቀየራችሁ?»

«መቁጠር የእሱ ሥራ ነው» አለችና አለቀሰች።

አነፍናፊው ካርቶኖቹን አየ። እሱም ተከራይ ነው፤ ሚስቱ ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ከተወች ቆይታለች።

«ናሙናው ቤት ሄደው ያውቃሉ?»

«ምን ልሠራ?»

በማግስቱ ከሰዓት ሁሉንም ወደ ናሙናው ቤት ጠራቸው። ዝናቡ መሬቱን ጭቃ እስኪያደርገው ጠብቆ ነው የላከባቸው። ከንቲባው እግሩን እያራገፈ ገባ። ኮንትራክተሩ ሳያራግፍ ገባ፤ ዘበኛውም ተከተለ። የሹሙ ሚስት በመጨረሻ መጣች። በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ጎን ለጎን አስቀመጠችው።

«ሟቹን አላዳለጠውም» ብሎ ጀመረ አነፍናፊው። «ደረጃ ሲወጣ ያዳለጠው ሰው በፊቱ ይደፋል፤ ሲወርድ ያዳለጠው እግሩ ይቀድማል። የእሱ የቀደመው ጭንቅላቱ ነው፤ ያውም በጀርባው። ፎቅ ላይ ቆሞ፣ ጀርባውን ለደረጃው ሰጥቶ ሲነጋገር፣ ፊት ለፊቱ የነበረ ሰው ገፍቶታል።»

«ማን?» አለ ከንቲባው።

«ኮቴ ያልተወ ሰው። ጫማውን በሩ ሥር አውልቆ፣ የሟቹን ጭቃ እየወለወለ እስከ ደረጃው ተከትሎታል። ከዚያ መወልወሉን ትቶ፣ ጨርቁን እንደያዘ ወጣ።»

«ወለል የሚወለውል ገዳይ አይቼ አላውቅም!»

«ሲወለውል ገና ገዳይ አልነበረም። እናንተ ስትገቡ ጫማችሁን አላወለቃችሁም፤ እኔም አላወለቅኩም። ለእኛ ይሄ የማዘጋጃ ቤት ንብረት ነው። ለአንድ ሰው ግን መጋረጃ የሰቀለበት ቤቱ ነው። ያው ሰው በተከራየው ክፍል ‹አያውልቁ፤ የሰው ቤት ነው› ብሎኛል። እዚህ ግን አሁን ሳላዘው አወለቀ።»

ሁሉም የሴትዮዋን ባዶ እግር አዩ። እሷም አየችው።

«የመጀመሪያው ቤት የኛ ነው ብሎኝ ነበር» አለች። «ቁልፉን ሰጠኝ፤ እየመጣሁ እወለውለው ነበር። ያን ቀን ሊፈርስ ነው አለኝ። አምሮ ሲያየው ይራራል ብዬ ይዤው መጣሁ። በጭቃው ዘው አለ። ‹ጫማህን አውልቅ እንጂ› ስለው፣ ‹ለሚፈርስ ቤት?› ብሎ ሳቀ። ደግሞ ‹አይዞሽ፣ ወደፊት ሰው ሁሉ ሲሄድ ቤት ይተርፋል፤ አማርጠሽ ትገቢያለሽ› አለኝ። ወደፊት! ጠጉሬ ሸብቷል እኮ። ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም… ዝም እንዲል ነበር።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ ኮንትራክተሩ ቀስ ብሎ።

እሷ ወለሉን አየች። በጭቃ ኮቴ ተዥጎርጉሯል።

«ከመሄዴ በፊት ልወልውለው?»

«ነገ የሚፈርስ ቤት…» ሲል ጀመረ ከንቲባው። አነፍናፊው ክንዱን ይዞ ወደ ግድግዳው ሳበው።

ሁሉም ግድግዳው ጥግ ተለጥፈው ቆሙ። ፎቅ ላይ የቀረውን ጨርቅ አውርዳ፣ ተንበርክካ የአራቱንም ወንዶች ኮቴ አንድ በአንድ ጠረገች፣ ጨርቁን ጨምቃ ሰቀለች፣ በሩ ላይ ጫማዋን አደረገችና እጇን ለአነፍናፊው ካቴና ዘረጋች።

አነፍናፊው እሷን አስረክቦ ወደ ተከራየው ቤት ተመለሰ። ከደጃፉ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያዘ። ከዚያ የማን ቤት መሆኑ ትዝ አለውና፣ ጫማው እንደታሰረ ገባ።