ማዳመጫው ማንን ጠራ?

ጋኔን፣ ዛር፣ መንፈስ ሲባል የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ ኮሽ ባለ ቁጥር ስታማትብ «አይጥ ነው እማዬ» እያልኩ ያደግኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም ስለ ድንጋይ የተማርኩ፣ በእጄ ያልነካሁትን የማላምን። ይህን ይዘህ ስማኝ፤ ደግሞ ነገሩ የሆነው ሌሊት እንዳይመስልህ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው።

ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ እኔና ሰለሞን ለንደን፣ ኤድመንተን አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እንጭን ነበር፣ ሁለታችንም ጂኦሎጂስቶች፣ የአንድ ክፍል ልጆች። ሚስተር ሃሪስ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሽማግሌ የድንጋይ ስብስባቸውን የሚያደራጅላቸው ሰው ፈልገው ሁለታችንንም ኢንተርቪው አደረጉን። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው፣ አሜሪካኖች ጨረቃ ላይ ሰው ሲያወጡ፣ ከመቆጣጠሪያው አዳራሽ ኋላ በነበረው የሳይንቲስቶች ክፍል ተቀምጠው የትኛው ድንጋይ ይነሳ፣ የትኛው ይተው ሲሉ የነበሩ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ፈተና ሲደርስ ሰለሞንን የማስጠናው እኔ ነበርኩ፣ እመነኝ፤ የተቀጠረው ግን እሱ ሆነ። «እንኳን ደስ ያለህ» ያልኩት ከአንገት በላይ ነው።

«ና እንጂ ቤቱን እይ፣ ሽማግሌው ደስ ይላቸዋል» እያለ ሰለሞን ሲወተውተኝ፣ አንድ ቅዳሜ ሃክኒ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሄድኩ። ሰለሞን ነጭ ጋዋን ለብሶ በሩን ከፈተልኝ፣ ዐይኔ ከጋዋኑ አልነቀል አለ።

ሚስተር ሃሪስ ከመደርደሪያ ላይ ማይክ ያለው አሮጌ የጆሮ ማዳመጫ አውርደው አሳዩኝ፣ ገመዱ አጠር ብሎ ተቆርጧል፣ ያኔ ይሠሩበት የነበረ ነው።

«እኛ የኋላ ክፍል ሰዎች ጨረቃ ላይ ያሉትን እንሰማለን እንጂ አናናግራቸውም ነበር» አሉ። «የሚያናግራቸው ፊት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እኛ ያልነውን እሱ ያስተላልፋል። ድንጋዩን ያወቅኩት እኔ፣ ምስጋናው ለእሱ።»

ያን ጊዜ ወደድኳቸው።

ሰለሞን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ «ሄሎ፣ ጨረቃ!» ብሎ ሳቀና «እስኪ አንተም ቼክ አድርገው» ብሎ ሰጠኝ። አጠለቅኩት። መጀመሪያ ጭር ያለ ነበር፣ ቀጥሎ ሽሽሽ የሚል ነገር፣ ቀጥሎ ትንፋሽ፣ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ፣ እዚሁ ጆሮዬ ሥር። ገመዱን አየሁት፣ የተቆረጠው ጫፍ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ አንድ ወንድ በእንግሊዝኛ፣ በትሕትና፣ «ሰለሞን አለ? እባክዎ ሰለሞንን ያገናኙኝ» አለኝ።

ሰው ይደነግጣል አይደል? እኔ ግን ከመደንገጤ በፊት ተናደድኩ። እዚያም ሰለሞን! አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

«ምን ሆንክ?» አለ ሰለሞን።

«ምንም።»

እሱ ሻይ ሊያፈላ ኩሽና ሲገባ ሚስተር ሃሪስ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«ማንን ጠራ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ሰለሞንን።»

«እኔ ሳደርገው ያን ፊት የነበረውን ሰው ነው የሚጠራው» አሉ። «ሰውየው ከሞተ ቆይቷል፣ አሁንም እሱን ነው። አንድ ቀን የእኔን ስም ይጠራል ብዬ ነው ያልጣልኩት።»

ሽማግሌው በዓመቱ አረፉ፣ ላለው ይጨመርለታል እንዲሉ ማዳመጫውም ለሰለሞን ደረሰው። ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ ስልክ ደወለልኝ።

«ያ ነገር ተናገረ» አለ፣ ድምፁ ደርቋል። «ያን ቀን አንተም ሰምተህ ነበር አይደል?»

«ማንን ጠራ?» አልኩት።

ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል፣ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ።

«ሰለሞን፣ ማንን ጠራ?»

ዘጋብኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አያነሳም፣ ቤቱ ሄጄም መጋረጃው ሲንቀሳቀስ እያየሁ በሩን አልከፈተልኝም። ሰው «ለጓደኛው እንዴት ይጨነቃል» ይለኛል፤ እውነቱን ልንገርህ፣ የምፈልገው ደኅንነቱን ሳይሆን ያን ስም ነው፣ የእኔ ይሆን እያልኩ።