የሮቢቱ ካፖርት

አብዱረዛቅ የጠፋው ቢላዋውን ትቶ ነው።

ሚስቱ ሐምዲያ ሸዋ ሮቢት ፖሊስ ጣቢያ ስትገባ ያንኑ ቢላዋ ከነአፎቱ ይዛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ስታኖረው የሃምሳ አለቃ ጥላዬ እጅ ሳያስበው ወደ ሽጉጡ ሄደ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የባሌ ነው። ባሌ ጠፍቷል።»

«መቼ?»

«ዛሬ። የበረዶ መኪናውን ሊያስጭን በማለዳ ወጣ፤ አልተመለሰም።»

ጥላዬ አንገቱን በመሐረብ ጠረገ። ገና ረፋዱ ነው፤ የጣቢያው ቆርቆሮ ግን ከወዲሁ ይንጣጣል። ወደ ደጋ ቀይሩኝ ብሎ ካመለከተ ቆይቷል። የሚሰማው አላገኘም።

«እመቤቴ፣ ወንድ ልጅ ለቁርስ ስለዘገየ ጠፋ አይባልም።»

«ባሌ አራጅ ነው። አራጅ ቢላዋውን ጥሎ የትም አይሄድም። ጠላ ቤት ይሆናል እንዳይሉኝ ደግሞ እስላም ነው።»

ጥላዬ ባርኔጣውን አነሳ።

የሐጂ አብዱልወሃብ ግቢ ከከተማው ዳር፣ ከአሰብ መንገድ አጠገብ ነው። ከቆላው የሚገዙ ፍየሎች እዚያ ይታረዳሉ፤ ሥጋው በረዶ ቤት ውስጥ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ከዚያ በበረዶ መኪና ወደ አሰብ ይወርዳል፤ ከአሰብ በመርከብ ቀዝቃዛ ጎተራ ባሕሩን ተሻግሮ ጅዳ ይገባል። ጅዳ ያሉት ገዢዎች የሚያምኑት አንድ ነገር ነው፦ የአላህ ስም ተጠርቶበት በእስላም እጅ መታረዱን። ያ እጅ የአብዱረዛቅ ነው።

ሐጂ ከበረዶ ቤቱ ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። ሐምዲያን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

«ኮብልሏል» አሉ። «ሐጅ ልሂድ፣ በመርከቡ ስደደኝ ብሎ ሲነዘንዘኝ ከርሟል። እምቢ ስለው ከበድሩ ጋር ተሳፍሮ ሄደ።»

«በድሩ ማነው?»

«ሾፌሬ።»

«ሲሳፈር አይተዋል?»

«አላየሁም። አየለ ነው የነገረኝ።»

አየለ ቀረብ አለ። የግቢው ተቆጣጣሪ ነው፤ ቀውላላ የደብረ ሲና ሰው። ፍየል የሚገዛ፣ የሚያስቀልብ፣ የሚያስጭን እሱ ነው።

«እኔም አላየሁም፣ አለቃዬ። ነገር ግን ሌላ የት ይሄዳል? ከበድሩ ጋር ሰሞኑን ተጣልተው ነበር። ወይ ታርቀው አብረው ሄደዋል፤ ወይ ደግሞ በድሩ መንገድ ላይ...»

«መንገድ ላይ ምን?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ለሐጅ የሚሄድ ሰው ለሚስቱ ይነግራል» አለች ሐምዲያ። «ቢያንስ ሌላ ልብስ ይይዛል። ሽርጡንና ሸሚዙን አድርጎ ነው የወጣው።»

ጥላዬ ወደ በረዶ ቤቱ ተመለከተ። «ይከፈትልኝ።»

«ይከፈታል» አለ አየለ፣ ፈጠን ብሎ። «ባዶ ነው፤ ሁሉም ተጭኗል።»

ከበሩ ጎን አንድ ሚስማር ተመቷል። ሚስማሩ ላይ ወፍራም ካፖርት ተንጠልጥሏል።

«ልበሰውና ግባ» አሉ ሐጂ። «ያለን ይኸው አንዱ ነው። በረዶ ቤትም ሆነ መኪናው ውስጥ የሚገባ ሰው ይለብሰዋል። ሚስማሩ ባዶ ከሆነ ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው፤ በር አይዘጋም። በድሩም የመኪናውን በር ሊዘጋ ሲል መጀመሪያ የሚያየው ሚስማሩን ነው።»

«ዛሬስ?»

«ተሰቅሎ ነበር። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በሩ ተዘጋ፣ የጉምሩኩ ሰው አተመው፣ ሄደ። እኔም ከዚያ ወዲህ ከዚህች ዱካ አልተነሣሁም።»

ጥላዬ ካፖርቱን ለብሶ ገባ። ባዶ ነው። ሥጋ ከሚሰቀልባቸው ሜንጦዎች በቀር ምንም የለም። ቅዝቃዜው ግን ደስ አለው። እዚያው ወንበር አምጥተው ጣቢያ ቢያደርጉለት በወደደ። እጁን ከእጅጌው ሊያወጣ ሞከረ፤ እጅጌው ጣቶቹን አልፎ ሄዷል። ያኔ ሽታው አፍንጫውን መታው።

የባሕር ዛፍ ጭስ።

ደብረ ሲና የተቀጠረበት የመጀመሪያ ዓመት ትዝ አለው። ጉም፣ ብርድ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ ባሕር ዛፍ። ካፖርቱን ወደ ብርሃን አወጣና አገላበጠው። ሞራ የለበትም። ደም የለበትም። ሥጋ ተሸክሞ የማያውቅ ካፖርት ነው።

«ሐምዲያ፣ ይሄን ካፖርት ታውቂዋለሽ?»

ዳሰሰችው። «ይሄ አይደለም። የግቢውን ካፖርት የማጥበው እኔ ነኝ። ክርኑ ተቀዶ በጆንያ ጥፌዋለሁ።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«እንግዲህ» አለ ጥላዬ፣ «ሮቢት ውስጥ ካፖርት ያለው ሰው ማነው? እኔ የለኝም። ሐጂ፣ እርስዎም የለዎትም። በዚህ ምድጃ ውስጥ ካፖርት የሚገዛ እብድ ነው።» ዞር አለ። «አየለ፣ ና ልበሰው።»

«በዚህ ሙቀት?»

«ልበስ አልኩህ።»

ለበሰው። እጅጌው አንጓው ላይ ልክ አለ። ትከሻውም ልክ፣ ቁመቱም ልክ። ላቡ ከግንባሩ መንጠብጠብ ጀመረ።

«ትናንት ማታ ከደብረ ሲና ስትመለስ ለብሰኸው ነበር» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። «ስቄብህም ነበር።»

«የግቢው ካፖርት የት አለ?» አለ ጥላዬ።

 የአየለ ዓይን አመለጠው፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ አሰብ መንገድ ሄደ።

ሐምዲያ ጮኸች። «ለብሶታል! መኪናው ውስጥ ነው!»

ስልኩ ያለው ከሐጂ ቢሮ ነው። ጥላዬ አየለን በክንዱ እየጎተተ ገባና እጀታውን አሽከረከረው። አጣዬ ፖሊስ ጣቢያ ተገኘ። የበረዶ መኪናውስ? አዎ፣ እዚሁ ጣቢያው ፊት ለፊት ቆሟል፤ ሾፌሩ ጫት ሊገዛ ወርዷል።

«ውስጡ ሰው አለ። ክፈተው!»

«ታትሟል እኮ፣ ሃምሳ አለቃ» አለ ከወዲያ ያለው አሥር አለቃ። «የመንግሥት ማኅተም ነው። ባለንብረቱ ነገ ቢከሰኝስ?»

ጥላዬ ሐጂን ተመለከተ። ሐጂ ያውቁታል፤ ማኅተሙ የተሰበረን ሥጋ መርከቡ አይቀበልም። መርከቡም ቆሞ አይጠብቅም።  ሐምዲያ ከጣቢያው ይዛው የመጣችውን ቢላዋ ከፊታቸው አኖረች።

ሐጂ ስልኩን ነጠቁ።

«ባለንብረቱ እኔ ነኝ! ስበረው!»

«ወረቀት ቢጻፍልኝ...»

«በመጥረቢያ ስበር አልኩህ! መርከቡ ገደል ይግባ!»

ስልኩ ከጠረጴዛ ጋር ሲላተም ተሰማ።  አየለ ሳይጠየቅ አፉን ከፈተ።

«እንዲሞት አልፈለግሁም» አለ።

«ምን ፈለግህ ታዲያ?» አለ ጥላዬ።

«የእህቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ደብረ ሲና ወጣሁ። ለፍየሎቹ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ሳላቆም ወጣሁ። ማታ ስመለስ ጉረኖው ውስጥ ሞተው ቆዩኝ። ገፈፍኳቸውና በረዶ ቤት ከሌላው ጋር ሰቀልኳቸው።»

«በክት!» አሉ ሐጂ። ድምፃቸው ተሰበረ። «በክት ለጅዳ!»

«አብዱረዛቅ ሲጭን አወቀው። ደሙ ያልወጣ ሥጋ ይጠቁራል አለኝ። ለሐጂ እነግራለሁ ሲል ለመንኩት፤ ‹መኪናው ውስጥ ግባና ራስህ ለይተህ አውጣልኝ፣ ማንም ሳይሰማ እንቀብረዋለን› አልኩት። ጨዋ ሰው ነው፤ አምኖኝ እስከ መጨረሻው ዘለቀ። እኔ ካፖርቴን ሰቀልኩ። በድሩ መጣ፣ ሚስማሩን አየ፣ ዘጋው። ሞተሩ ሲነሣ ጩኸቱን ዋጠው። ኋላ ካፖርቴን እንዳላነሣ ደግሞ ሐጂ ከደጃፉ አልነቃነቅ አሉ።»

«እንዲሞት አልፈለግሁም ትላለህ» አለች ሐምዲያ። «የት ይደርሳል ብለህ ነበር? ጅዳ?»



ከስልኩ ውስጥ የብረት ድምፅ መጣ። አንዴ። ደግሞ። ከዚያ የሰዎች ሁካታ፣ ከሁካታው በላይ ደግሞ የአንድ ሰው ልቅሶ።

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ኢና ሊላሂ...»

«ቆይ!» አለ ጥላዬ። ጆሮውን ከስልኩ አጣበቀ። የሚያለቅሰው በድሩ ነው፤ ‹ሚስማሩን አይቻለሁ! ወላሂ አይቻለሁ!› እያለ ይምላል። አሥር አለቃው እያለከለከ ተመለሰ።

«አለ! በሕይወት አለ! በካፖርቱ ላይ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ ሥጋው መሐል እየዘለለ አገኘነው። ጣቶቹ ደንዝዘዋል እንጂ ደህና ነው።»

ጥላዬ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉና መልሰው መላልሰው አሉት። አንድ መኪና ሙሉ ሥጋ ሊበላሽ ነው፤ ፊታቸው ግን ዕዳ እንደተሰረዘለት ሰው ፈታ ብሏል። ያ በክት ባሕር ቢሻገር ኖሮ በስማቸው ነበር የሚበላው።

ሐምዲያ ስልኩን ተቀበለች። መጀመሪያ የሰማችው ጥርስ ሲንገጫገጭ ነው።

«ሐ... ሐምዲያ።»

«አቤት።»

«በ... በረደኝ።»

ሮቢት ተወልዳ ሮቢት ያደገች ሴት ናት። ይህን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሰምታው አታውቅም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ታዲያ ጥላ ውስጥ ምን ይጎልትሃል? ፀሐይ ላይ ውጣ!»

ጥላዬ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አየለን ከነካፖርቱ ይዞ ወጣ። ጣቢያው ድረስ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ፀሐዩም አናት ይበሳል።

«ላውልቀው?» አለ አየለ።

«ማስረጃ ነው» አለ ጥላዬ። «ቆልፈው።»