በሮው ያልተነሳው ፎቶ

እንደ ተረት የምታነቡት ካላችሁ አልፈርድባችሁም። በራሴ ባይደርስ እኔም አላምንም ነበር።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... እህቴ ቤት፣ የሕፃኗ ክፍል ውስጥ።

አንገቷ ገና ያልጠና ጨቅላ ናት። ተኝታለች። ፎቶ እያነሳኋት ነው። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ፍላሽ የሚታሰብ አይደለም።

«ብትቀሰቅሳት የምታባብላት አንተ ነህ!» አለችኝ እህቴ በሹክሹክታ።

«ተይው፣ አጎትነት እንዲሁ አይገኝም» አለ ባሏ በሩን ተደግፎ።

ሮው በሚባለው የፋይል ዓይነት ነበር የማነሳው። ሮው ካሜራው ያየውን ሁሉ እንዳለ ያስቀምጣል፤ ጨለማ የዋጠው ነገር እንኳ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሲያበሩት ይወጣል። ግን ፋይሉ ከባድ ነው... ሚሞሪው ሊሞላ ደረሰ።

ለመጨረሻዋ ፎቶ ወደ ጄፔግ ቀየርኩት። ጄፔግ ጨምቆ ነው የሚያስቀምጠው፤ አያስፈልግም ያለውን ይጥላል።

አንድ ፎቶ ምን አላት ብዬ።

ሳሎን ወጥተን ላፕቶፔን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ሮው አበራሁት።

ከመጋረጃው ሥር... እግር።

ባዶ እግር። ጣቶቹ ከልክ በላይ ረጃጅም።

የእህቴ ባል ይሆን? እሱማ ጫማ አድርጎ ከኋላዬ ነበር።

ቀጣዩን አበራሁ። መጋረጃው ሥር ምንም የለም። ግድግዳው ጋ ግን የጎበጠ ጀርባ አለ።

ሌላው... ከአልጋው ግርጌ። ሰው ነው እንዳልል ክንዱ ከጉልበቱ አልፎ ይወርዳል።

በየፎቶው ወደ ልጅቷ እየቀረበ ነው።

የመጨረሻዋን ከፈትኩ። ጄፔጓን።

ከአልጋው በላይ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው። አበራሁት... አመድ የመሰሉ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች። የት እንደደረሰ የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። ካሜራው ጥሎታል።

«እሺ፣ አምራልሃለች?» አለች እህቴ እየሳቀች።

«ልጅቷን አምጪያት።»

«ገና አሁን ተኝታ? አብደሃል እንዴ?»

«አምጪያት አልኩሽ!»

ፊቴን ስታይ ሳቋ ጠፋ። ሦስታችንም ተጋፍተን ገባን። መጋረጃውን በረገድኩት።

ማንም የለም።

ልጅቷ ተኝታለች። ትንፋሿ ይሰማል። እፎይ ልል ስል...

አንድ እጇ ወደ ላይ ተዘርግቷል። ጣቶቿ አየር ላይ የሆነ ነገር ጨብጠዋል።

«የኔ እናት... ምን ሆነሽ ነው?» እህቴ የልጅቷን እጅ ቀስ ብላ ይዛ ወደ ታች አወረደችው።

ትንሽ ወረደ።

ከዚያ... ከላይ በኩል፣ በዝግታ፣ ተመልሶ ተሳበ።