ሽቅብ ወደ ከረክ

«አጥፋው! ሳኽር፣ አጥፋው እያልኩህ!»

ሩባ ስትጮህ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን መስመር አልፎ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ሳኽር አሮጌዋን ፒክአፕ ወደ መንገዱ ዳር አውጥቶ ሞተሩን ሲያጠፋ፣ ከኮፈኖው ስር ነጭ እንፋሎት እየተትጎለጎለ ወጣ። መሀል ላይ የተጣበቀችው ሩባ፣ በቀኟ የተቀመጠችው እናቷ የፕላስቲክ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ስትለጥፍ ታወቃት። ቦርሳው ውስጥ መታወቂያ፣ ደብተር፣ እርሳሶችና መቅረጫ ነበሩ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለች እናታቸው።

«ገና ነው፣ እማ» አለ ሳኽር፣ ሰዓቱን ሳያይ።

ገና አልነበረም። የመሃይምነት ማጥፊያ ትምህርት ማጠቃለያ ፈተና የሚሰጠው ከላይ ከረክ ከተማ ነው፤ የትምህርት ቤቱ በር ደግሞ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። እነሱ ገና የዳገቱ ወገብ ላይ ናቸው። ከታች የመንደራቸው የሳፊ የቲማቲም እርሻዎች፣ ከእነሱም ማዶ ሙት ባሕር እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያብረቀርቃሉ። ጠዋት ቢሆንም አስፋልቱ ከወዲሁ ጫማ ይይዛል።

ሳኽር ወርዶ ኮፈኖውን ከፈተ። የራስ ሻሹን ፈትቶ እጁ ላይ ጠቀለለና ወደ ራዲያተሩ ክዳን ተንጠራራ። ሩባ ተከትላው ወርዳ ስለነበር ሸሚዙን ከኋላ ጨምድዳ ጎተተችው።

«የአጎታችንን ፊት ረሳኸው? እንደ ድንች የላጠው እኮ እንዲህ ያለ ክዳን ነው!»

«ሰዓቱ እየሄደ ነው ባክሽ!»

«ይሂድ። ይሄ የላይኛው ቱቦ እስኪበርድ ድረስ አትነካውም።»

ሳኽር እጁን ሰበሰበ። «እሺ፣ እስከዚያው ውሃውን አምጪ።»

ሩባ ባለችበት ቆመች። ጠዋት «መኪናው ውስጥ ውሃ አስገቢ» ብሏት ነበር። እሷም ከወንበሩ ጀርባ የሚቀመጠውን ጀሪካን አውጥታ፣ በእሱ ቦታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድረው በረዶ የሆኑ ጠርሙሶችን በፎጣ ጠቅልላ ደረደረች። ሳፊ ውስጥ በዚህ ወቅት መንገድ የሚወጣ ሰው «ውሃ» ካለ በረዶ ማለቱ ነው፤ ሌላው ውሃ መንገድ ላይ ሻይ ይሆናል። ጀሪካኑ የራዲያተሩ ውሃ መያዣ መሆኑን አሁን ነው ያስታወሰችው።

አንዱን ጠርሙስ አምጥታ ከፈተችና ዘቀዘቀችው። ጠብ የሚል ነገር የለም።

«ይሄ ውሃ ነው?» አለ ሳኽር።

«ይሆናል።»

«መቼ? ለሰርግሽ?»

እናታቸው ጃንጥላዋን ዘርግታ ወረደች። ጠርሙሶቹን አየች፤ እንፋሎቱን አየች፤ ከዚያ የመጡበትን ቁልቁለት አየች። «ልጆቼ፣ ይቅር እንመለስ» አለች ቀስ ብላ። «ወደ ታች ብታዞራት ራሷ እየተንከባለለች ታወርደናለች። ፈተናው ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።»

«እኔም እሱን ልል ነበር» አለ ሳኽር። «ለቃሚዎቹም እርሻ ላይ እየጠበቁኝ ነው።»

ሩባ የእናቷን ፊት አየችው። ሲያዩት ያዘነ ይመስላል፤ ትከሻዋ ግን ሸክም እንዳወረደ ሰው ዘና ብሏል። ይህን ትከሻ ታውቀዋለች። አምና እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ከመጡ በኋላ እናቷ «ራሴን አሞኛል» ብላ ተመልሳ፣ ቁልቁለቱን ሙሉ ስታንጎራጉር ነበር። ማታ ግን ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው በስልክ የተላከ ቀልድ ሲያነቡ፣ እናቷ ሌሎቹ ስቀው ከጨረሱ በኋላ ሳቀች። ከዚያ ሩባን ጓዳ ጠርታ በሹክሹክታ «ምንድን ነው ያለው?» አለቻት።

አሁን ዝም ማለት ይቻላል። ማንም አይቆጣም። ስህተቱም የበረዶው ይሆናል።

«እማዬ» አለች ሩባ፣ «የፈራችው መኪናዋ ናት ወይስ አንቺ?»

«ምላስሽን ሰብስቢ!»

«እሺ። ግን የቱ?»

ሳኽር ራሱን እያከከ ዘወር አለ። እናታቸው የጃንጥላውን እጀታ ስታሽከረክር ቆየች።

«እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ቤት ውስጥ የአረብኛ ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ። እዚያ ወረቀቱን ሲሰጡኝ ግን ፊደልን ከፊደል የሚለዩት ነጥቦች እንደ ጉንዳን ይበታተኑብኛል። የላዩ ታች፣ የታቹ ላይ ይሆንብኛል። አጠገቤ ያሉት ሁሉ ሲጽፉ እኔ...»

ሩባ ጠርሙሱን እናቷ እጅ ላይ አኖረችው። «ያዢና አሙቂው።»

ሌሎቹን ከሞተሩ ዳር፣ ፕላስቲኩ በማይቀልጥበት ርቀት ደረደረቻቸው። በረዶው ከዳር ዳር ቀልጦ ውሃ በሆነ ቁጥር ወደ አንድ ባዶ ጠርሙስ ታጠልለዋለች። እናቷ መጀመሪያ የያዘችውን ዝም ብላ ታየው ነበር። ከዚያ ብብቷ ስር ከተተችው፤ ቆይታ ማጅራቷ ላይ አዞረችው።

«አላህ ይስጥሽ፣ ቢያንስ እኔ በረድኩ» አለች።

ሳኽር ሳያስበው ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ጎንበስ አለና «ኧረ እዩ!» አለ። የታችኛው ቱቦ ከራዲያተሩ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ውሃ ይንጠባጠባል፤ የማሰሪያው ብሎን ላልቷል። እናቱ ከስንቁ ጋር ለኪያር መቁረጫ ይዛው የመጣችውን ቢላ አቀበለችው፤ በጫፉ ብሎኑን አጠበቀው።

የላይኛው ቱቦ ሲጨመቅ የሚታጠፍ፣ ሲነካም የማያቃጥል እስኪሆን ጠበቁ። ሳኽር ክዳኑን በሻሹ ይዞ ጥቂት ጥቂት እያለ ፈታው፤ ክዳኑ ትንሽ እንፋሎት ተፍቶ ጸጥ አለ። ሞተሩን አስነስቶ «በቀስታ፣ በቀስታ! ቀዝቃዛውን ባንዴ ካፈሰስሽው ብረቱ ይሰነጠቃል» እያለ አዘዛት፤ ሩባም በቀጭኑ አንቆረቆረች። አልሞላም። ያለው ግን ይኸው ነበር።

ጉዞ ቀጠሉ። የመጀመሪያውን ጥምዝ አለፉ፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ቀስቱ እንደገና ወደ ቀዩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«በቃ፣ ሞክረናል» አለ ሳኽር። «ከዚህ በላይ ሞተሩን ማቃጠል ነው። እዚህ ጋ ላዙራት።»

ሩባ ድንገት የከረኩ ሚኒባስ ሾፌር አቡ ሃዛዕ ትዝ አላት። ይህን ዳገት ሲወጣ በጠራራ ፀሐይ ማሞቂያ ይከፍታል፤ ተሳፋሪው «ልትቀቅለን ነው?» ብሎ ሲጮህ «ከእናንተና ከሞተሩ አንዳችሁ መቀቀል አለባችሁ!» ይላል።

«ማሞቂያው!» አለች። «ማሞቂያው ከተከፈተ የሞተሩን ሙቀት ወደዚህ ይስበዋል።»

«በዚህ ንዳድ? አብደሻል እንዴ?»

«አቡ ሃዛዕ ይከፍት የለ?»

«አቡ ሃዛዕ ራሱ መቼ ጤነኛ ሆነ!»

የሩባ እጅ የማሞቂያው ማዞሪያ ላይ ደረሰ። ልታዞረው ስትል ግን ቆመች። እሷ ካዞረችው፣ ከላይ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ለእናቷ ማን ይወስንላታል? እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«እማዬ፣ አንቺ ወስኚ።»

ሳኽር መኪናዋን አቁሞ ጠበቀ። በቀኝ በኩል ቁልቁለቱ ቤታቸው ድረስ ተዘርግቷል። እናታቸው አንዴ ብቻ አየችው። መስኮቷን እስከ ታች አወረደች፣ ሻሿን አጠበቀች፣ ከዚያ ማሞቂያውን ቀዩ ጫፍ ድረስ አዞረችው።

የእሳት ትንፋሽ የመሰለ ነፋስ እግራቸው ላይ ወጣ።

«ያረቢ!» አለ ሳኽር። «ቲማቲም ነው ያደረግሽን፣ እማ!»

«ንዳ አንተ» አለች እናቱ።

በአንደኛ ማርሽ፣ ሳኽር ነዳጁን አብዝቶ ሳይረግጥ፣ እያዘገሙ ወጡ። ቀስቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ አመነታና ወደ መሀል ተመለሰ። ማንም እልል አላለም፤ አፍ ሲከፈት ሙቀቱ ጉሮሮ ድረስ ይገባል። ከአንድ ጥምዝ በኋላ የከረክ ምሽግ ግንብ ከተራራው ጫፍ ብቅ አለ። ሳኽር አሁን ሰዓቱን አየ። «ካልቆምን እንደርሳለን» አለ።

እናታቸው ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «ሩባ፣ የምጽፈው ቃል ጥሪልኝ።»

ሩባ አንድ ቃል ጠራችላት። እናቷ ከመኪናዋ ጋር እየተንገጫገጨች ጻፈች። መጀመሪያ ፊደሎቹን፤ ከዚያ እርሳሷን አንስታ ነጥቦቹን ፈለገች። ከአገጯ አንድ ጠብታ ወረቀቱ ላይ ወደቀ።

«ይሄ ነጥብ ነው ላብ?» አለች ወረቀቱን ወደ ሩባ እያስጠጋች።

ሩባ አየችው። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችውና ዓይኗን ከደብተሩ አንስታ ወደ መንገዱ አዞረች።

«አንቺ እይው።»

እናቷ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ቆየች። ከዚያ ጠብታውን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ እርሳሷን አጥብቃ ይዛ፣ ሁለት ነጥብ ከፊደሉ በላይ፣ በትክክለኛ ቦታቸው አኖረች።