አሁንም ቆመ

ቅዳሜ ጠዋት ከከተማ ወጥተን ገና ኮረኮንቹን ስንጀምር ጆሮ ሞተር ሳይክሉን ዳር አስይዞ አቆመ። ሄልሜቱን አውልቆ ተንበረከከና አንገቱን ወደ ሞተሩ አዘመመ።

«ድምፅ አለ» አለኝ።

«ሞተር አይደል? ድምፅማ ይኖረዋል» አልኩት።

«እሱ አይደለም። ሌላ ነው። ተክ፣ ተክ የሚል።»

ጆሮ የእናት አባቱ ስም አይደለም። ያወጡለት መካኒክ ሆኖ የሚሠራበት ጋራዥ ሰዎች ናቸው። ሞተር ሲመጣለት ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና «ካንዴላው ነው» ካለ በቃ ካንዴላው ነው። ሰው ሲያናግረው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ወራት ሙሉ የወደድኩት እኔ ምስክር ነኝ።

ያገናኘን የዚሁ ሞተር ሳይክል ወንበር ነው። ሥራዬ ወንበር ማልበስ ነው፤ የመኪናም፣ የሞተር ሳይክልም። አንድ ቀን ሌዘሩ የተሰነጣጠቀ ወንበር በብብቱ ይዞ ሱቄ ገባ። ለስንት ሰው እንዲሆን ጠየቅኩት። ለአንድ አለና ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ መጥቶ «ለሁለት ይሁን» አለ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ እሱም አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ እስኪያልቅ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ እጄን ያይ ነበር። አንዲት ቃል አይተነፍስም።

በዚያ ሰሞን የጣት ቆቤ ጠፋ። ስሰፋ መርፌ እንዳይወጋኝ መሃል ጣቴ ላይ የማጠልቃት ትንሽ ብረት ናት፤ እናቴ ሙያውን ስታስተምረኝ የሰጠችኝ። ሱቁን ገለባብጬ ፈለግኩ፣ የለም። እናቴን ብነግራት ሳቀችብኝ። «ሰው እጁ ላይ ያለውን የሚጥለው ልቡ ሌላ ቦታ ሲሆን ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ተናደድኩ።

አሁን ደግሞ አክስቴ ሩቅ ከተማ ትልቅ የመጋረጃ ስፌት ቤት ከፍታ ነይልኝ እያለች ነው። የአውቶቡሱ ትኬት ለሰኞ ተቆርጧል። እናቴም «እዚህ ማን ይዞሻል?» አለች። ማን እንደያዘኝ ብታውቅም ሰውዬው አፍ አውጥቶ እስኪናገር እየጠበቀች ነው። እኔም እንደሷ። ጆሮን እሄዳለሁ ስለው፣ ቅዳሜና እሁድን በውስጥ ለውስጡ መንገድ እህቱ ጋ ደርሰን እንድንመለስ ጠየቀኝ። «የምነግርሽም ነገር አለኝ» አለ። በልቤ ቆረጥኩ። ከተናገረ እቀራለሁ፣ ካልተናገረ ሰኞ እሄዳለሁ።

እና ይኸው፣ የሚነግረኝን ትቶ ሞተር ይፈታል።

መንገዱ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሐይቁ ፍንትው ይላል፣ ዳገቱ ላይ ነፋሱ እርጥብ ሣር ይሸታል። ጆሮ ውብ ቦታ ሁሉ ላይ ቆሟል። እኔ ሐይቁን ሳይ እሱ የጭስ መውጫ ማርሚታውን ያያል። እዚህስ ይናገር ይሆናል ብዬ ጸጉሬን አስተካክዬ ስጠብቅ፣ ዘይት የነካ እጁን ዘርግቶ መፍቻ አቀብዪኝ ይለኛል።

አንድ ድልድይ ተሻግረን ስንቆም መዳፉን ወንበሩ ላይ አድርጎ ጫን፣ ለቀቅ አደረገ። ፊቱ ተለወጠ። ምን እንዳገኘ ብጠይቀው «ምንም» አለና ካንዴላውን መፍታት ጀመረ።

እህቱ የምትኖረው በመንገዱ መጨረሻ ባለች ትንሽ ከተማ ነው፤ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። አቧራ ለብሰን ስንደርስ አቅፋ ሳመችኝና ውሃ አሞቀችልኝ። እራት ቀርቦ እንኳ ወንድሟ ግቢ ውስጥ ሰንሰለት እያወለቀ ነበር። በመስኮት አየችውና ራሷን ነቀነቀች።

«ነገረሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አልነገረሽማ።» ሳህኔን ሞላችልኝ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፣ የኔ እናት። እኔ ደግሞ ሚስትም አትገባም እለዋለሁ። መች ይሰማኛል።»

ሳቄ መጣ፣ ግን አንጀቴ አርሯል። እሷ ክፍል ተኝቼ የሰኞን ጉዞ ሳሰላስል አደርኩ።

እሁድ ስንመለስም ያው ነው። ሐይቁ ጋ ቆምን፣ ቁልቁለቱ ላይ ቆምን። እዚያው ድልድይ ጋ ደግመን ስንቆም ትዕግስቴ አለቀ። እሱ የሰንሰለቱን ክዳን ፈትቶ ብሎኖቹን ጨርቅ ላይ ደርድሯል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ወፍ እንኳ ዝም ብሏል። እኔ ብድግ ብዬ ወንበሩን በቡጢ መታሁት።

ተክ አለ።

ደግሜ መታሁት። ተክ። ወደ ጆሮ ዞርኩ። ጆሮ መሬት መሬት ያያል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

«ትናንት እዚሁ ስንቆም።»

«ታዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ምኑን ነው የምትፈታው?»

መፍቻውን በጨርቅ ጠረገ። የጠረገውን መልሶ ጠረገ።

«ምናልባት ከሌላ ቦታ ቢሆን ብዬ ነው። ከወንበሩ ከሆነ መተርተር አለበት። ሞተሩን መቶ ጊዜ ብፈታው መልሼ እገጥመዋለሁ። አንቺ የሰፋሽውን እንዴት ብዬ ልተርትር? ሰኞ ስትሄጂ የሚቀረኝ እሱ ነው።»

ይህን ያህል ንግግር ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ልቤ ስፍስፍ አለ። ግን ሁለት ቀን አቧራ የጠጣሁ ሰው ነኝና ፊቴን አልፈታሁለትም። ከቦርሳዬ መቀስ አወጣሁና የጎኑን ስፌት ያለ ርኅራኄ ተረተርኩት። የሰፋ ሰው መተርተር አይከብደውም። እጄን በስፖንጁና በታችኛው ፕላስቲክ መሃል ሰድጄ ስዳብስ ቀዝቃዛ ነገር ነካሁ። የጣት ቆቤ ናት።

የእናቴ ነገር ትዝ አለኝና ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። በሙያዬ አንድ መርፌ እንኳ ጥዬ አላውቅም።

«አንተ ነህ ያስጣልከኝ» አልኩት። «እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ስታየኝ።»

ፈገግ አለ። ቆቧን ከእጄ ወሰደና በሸሚዙ ጫፍ አጸዳት። ከዚያ ግራ እጄን ይዞ ከትንሿ ጣቴ ቀጥሎ ያለችው ላይ አጠለቀልኝ።

«የሚጠለቀው መሃል ጣት ላይ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

ጠበቅኩ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ክዳኑን ገጠመ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ሄድን።

ተክ የሚለው ድምፅ ጠፍቷል። የተተረተረው ሌዘር ጎኔ ላይ ይወዛወዛል። የከተማው ጣሪያዎች መታየት ሲጀምሩ ሆድ ባሰኝ። ጣት ላይ የተጠለቀ ነገር ቃል አይደለም፤ ለእናቴ ምን ብዬ ልነግራት ነው? ሻንጣዬን እንዴት እንደማሰናዳ ሳስብ ጆሮ ዳር አስይዞ ቆመ።

«አሁን ደግሞ ምን ተበላሸ?» አልኩት። ድምፄ ለቅሶ ለቅሶ ይላል።

ሞተሩን አጠፋ። ወደኋላ አልዞረም፣ ፊት ለፊት መንገዱን እያየ ነው የተናገረው።

«ምንም አልተበላሸም። ሰኞ አትሂጂ። እወድሻለሁ። አግቢኝ።»

«ይቺን ለመናገር ነው ሁለት ቀን የፈጀብህ?»

«ከወንበሩ ጊዜ ጀምሮ ነው» አለ።

«እሺ» አልኩት። ሄልሜቱን ስላላወለቀ አልሰማኝም። ጆሮው ሥር ጠጋ ብዬ ጮክ አድርጌ ደገምኩለት።

እቤት ስገባ እናቴ ከሰላምታም በፊት እጄን አየች። «አገኘሻት?» ብላኝ ወደ ጓዳዋ ገባች። አክስቴ ስደውልላት አኮረፈች፤ ይበርድላታል።

ሰኞ አውቶቡሱ ሲነሳ ወንበሩን መልሼ እየሰፋሁ ነበር። ጆሮ ጋራዡን ትቶ በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ እጄን ያያል። ሌላ ዕቃ ሳታስጥለኝ ተነስና ሥራህ ሂድ አልኩት። አልሰማኝም።