ከቧንቧ ሥራ የተረፈው

የማዘጋጃ ቤቱ የጽዳት ተቆጣጣሪ ወልደማርያም በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ በአሮጌ የውሃ ቱቦ ክምር ሥር ሞቶ የተገኘው በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ አንድ ረቡዕ ጧት ነበር። ሻምበል ገብረወልድ ሲደርስ ፖሊሶቹ በእነሱ ቤት ጉዳዩን ጨርሰዋል። ብረታ ብረት እየለቀመ የሚሸጠው ፋራህ እጁን ታስሮ ዳር ላይ ተቀምጧል።

ሻምበሉ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለ፣ የድሬዳዋ ሙቀት ያዛለው ሰው ነው። ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ።

«ለምን አሰራችሁት?»

«ሟቹ፣ ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ ትከምራለህ ብሎ ሁለት ጊዜ ከሶታል» አለ አሥር አለቃው። «ቱቦውንም የቧንቧ ሠራተኛው በዛብህ ለዚህ ለፋራህ እንደሰጠው ነግሮናል። ክምሩ ተንዶ ይሆናል፤ ወይም ፋራህ ራሱ ጥሎበታል።»

«ወላሂ፣ ማንም ቱቦ አልሰጠኝም» አለ ፋራህ። ድምፁ ከመድከሙ የተነሣ ክርክር አይመስልም። «እየው ሻምበል፣ የናስ መገጣጠሚያው ሁሉ እንዳለ ነው። እኔ ናስ አሸዋ ላይ ጥዬ እሄዳለሁ?»

ሻምበሉ አንዱን ቱቦ አንሥቶ ወደ ውስጡ ተመለከተ፤ ከዝገት በቀር ምንም የለም። የሟቹ ጭንቅላት ከኋላ በኩል በአንድ ምት ተሰብሯል። በጫማው ሶል ላይ ነጭ ሊጥ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። አሸተተው፤ ነጭ ሽንኩርት ነገር ይሸታል። ገና እርጥብ ነው፤ አሸዋም አልተጣበቀበትም።

«ትናንት ጎርፍ ነበር?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተራራው ወረደ። አሸዋው እስካሁን አልደረቀም።»

የበዛብህ ግቢ ከወንዙ ብዙ አይርቅም። በዛብህ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል የውሃ መስመር ሲቀይር ከርሟል። የሥራ ትርፍራፊ ሁሉ በመልካ ጀብዱ መንገድ ወደተቆፈረው ጉድጓድ እንዲሄድ ታዟል፤ የሚወስደው ካሚዮን ግን በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ብቻ ነው የሚመጣው።

«ወልደማርያም ትናንት ጧት መጥቶ ነበር» አለ በዛብህ። ትልቅ ሰው ነው፤ ዓይኑ ደም መስሏል። «ግቢህን አጽዳ ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፣ ሻምበል።»

«ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው?» አለ ሻምበሉ፣ አጥሩ ሥር ወዳለው ክምር እያመለከተ።

«የካርባይድ ዝቃጭ ነው። ካርባይዱ በርሜል ውስጥ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ለብየዳ የሚሆን ጋዝ ይሰጣል። ይሄ የሚተርፈው ነው።»

ከአጥሩ ማዶ ፍየሎች የምታረባው ኢስታር የውሃ ጉድጓዷ አፍ ላይ ቆማ ትሰማለች። ሻምበሉ ወደ እሷ ሄደ።

«ከአጥሬ ሥር ነው የሚደፋው» አለች። «ውሃዬ ነጭ ሆነ። ሁለት ፍየል ሞተብኝ። ለወልደማርያም ነገርኩት፣ እሱ ብቻ ሰማኝ። ሳምንቱን ሳይደፋ ሰንብቶ የቀድሞው ደርቆ ነበር፤ እንደ ድንጋይ። ትናንት ከምሳ በኋላ ደግሞ ደፋ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ሻምበሉ ሁሉንም በበዛብህ ግቢ ሰበሰባቸው፤ ፋራህን፣ ኢስታርን፣ በዛብህን፣ ከቢዮ አዋሌ ገጠር አሁን የተመለሰውን የካሚዮን ሾፌር ወርሳሜንም። ጥላ ያለው አንድ ጥግ ብቻ ስለነበር ተጠጋግተው ቆሙ።

«ወርሳሜ፣ የካርባይዱ በርሜል ትናንት ጧት የት ነበር?»

«ሆቴሉ ጋ። በሰባት ሰዓት እኔ ነኝ ጭኜ እዚህ ያወረድኩት፤ ጋሽ በዛብህ ብቻውን ነበር። ከዚያ እህል ይዤ ቢዮ አዋሌ ሄድኩ፤ እዚያው አደርኩ። ትርፍራፊ የምጭነው ሐሙስ ብቻ ስለሆነ ቱቦውን ነገ ልወስደው ነበር፣ እዚሁ ግቢ ተከምሮ ነው የተውኩት።»

ሻምበሉ ራሱን ነቀነቀ።

«ቱቦዎቹ ውስጥ ጭቃ የለም። ስለዚህ ወንዙ ውስጥ የተጣሉት ጎርፉ ካለፈ በኋላ ነው። ፋራህ ቢጥላቸው ኖሮ ናሱን ሳይፈታ አይተወውም። ወርሳሜ ያን ጊዜ ከከተማ ወጥቷል። አሁን ወደ ጫማው እንምጣ። ሶሉ ላይ እርጥብ ዝቃጭ አለ፤ በዝቃጩ ላይ ግን አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የለችም። በእርጥብ አሸዋ ላይ የሄደ ሰው እንዲህ አይሆንም። ወልደማርያም ወደ ወንዙ በእግሩ አልሄደም፤ ተወስዶ ነው።»

ሻምበሉ ወደ ነጩ ክምር ዞረ።

«በርሜሉ እዚህ የደረሰው በሰባት ሰዓት ስለሆነ፣ ጧት እዚህ የነበረው ዝቃጭ ደረቅ ነው። እርጥቡ የተደፋው ከምሳ በኋላ ነው። እንግዲህ ጧት መጥቶ ከሄደ፣ እርጥቡን የት ረገጠው? ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ነበር፣ ጋሽ በዛብህ። ግቢው ውስጥ ደግሞ ከእርስዎ በቀር ሰው አልነበረም።»

በዛብህ ባዶው በርሜል ላይ ተቀመጠ። ለመካድ አልሞከረም።

«ጧት እሱ ከሄደ ጀምሮ ሆቴሉ ጋ ቱቦ ስነቅል ነው የዋልኩት» አለ። «በርሜሉን ብቻዬን ገለበጥኩት። ቀና ስል ቆሟል። ‹አፍሰህ አንሣው፣ አለዚያ ነገ ግቢህን አሽጋለሁ› አለኝ። የት ልውሰደው፣ በምን? አልኩት። ‹እሱን አንተ ታውቃለህ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። የቧንቧ መፍቻው እጄ ላይ ነበር። አመሻሽ ላይ ቱቦውን ከላይ ጭኜበት በእጅ ጋሪ ገፋሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ለዚህ ከተማ ውሃ ዘርግቻለሁ፣ ሻምበል። ያን ሰዓት ግን ደክሞኝ ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።»

«በፋራህ ላይስ ለምን ዋሹ?»

በዛብህ ወደ ፋራህ ቀና ማለት አልቻለም።

አሥር አለቃው የፋራህን እጅ ፈትቶ በዛብህን አሰረው። ፋራህ የእጁን አንጓ እያሻሸ ወጣ። ሻምበሉ ሊከተል ሲል ኢስታር አስቆመችው።

«ይሄን ዝቃጭ አሁን ማን ያነሣልኛል?»

ሻምበል ገብረወልድ ነጩን ክምር አየ። እንዲነሣ የሚያዘው ሰው ሬሳ ቤት ነው። ማንሣት የነበረበት ደግሞ በበሩ በኩል እየተወሰደ ነው።

«ለማዘጋጃ ቤት እጽፋለሁ» አላት።

«እስኪጽፉስ?»

ኢስታር ትንሽ ጠብቃው ባልዲዋን አነሣችና ፍየሎቿን እየነዳች ሌላ ውሃ ፍለጋ ሄደች።