የልዑልሰገድ ጥቁር ዱቄት

ዶክተር ልዑልሰገድ ሐሙስ ዕለት በኮሌጁ ላቦራቶሪ ወለል ላይ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። የጅግጅጋን አቧራ በመፍራት መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ መብራት ስለጠፋ የአየር ማውጫው ማራገቢያ ቆሟል። ክፍሉ ነጭ ሽንኩርትና የተበላሸ ዓሣ ይሸት ነበር።

ኢንስፔክተር ኬሪያ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት በደምበል ወረዳ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለች። ሽታውን ወዲያው አወቀችው፤ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ነው። ማወቋ ግን ምን ፈየደላት! ከጠረጴዛው ያነሳችው ናሙና አዲስ አበባ ከተላከ አምስት ሳምንት ሆኖታል፤ በደወለች ቁጥር «ወረፋ ነው» ይሏታል። አለቃዋም ትዕግሥቱ አልቋል።

«የሟቹ ረዳት ጄኔሬተሩን አላስነሳችም። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ ነገ ትከሰስ!»

የላቦራቶሪ ረዳቷ ኢክላስ ዓይኗ አብጧል።

«ነዳጅ የለም ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።»

«ሟቹ ምን ነበር የሚሠራው?» አለቻት ኬሪያ።

«ኒኬልና ፎስፎረስ ምድጃ ውስጥ እናዋህዳለን። መብራት በጠፋ ቁጥር እንደገና ከዜሮ! ጥቁሩ ዱቄት የወጣልን በሁለት ዓመቱ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ቆሻሻው እንዲለቅ በአሲድ ያጥበዋል።»

የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ አቶ ጃማ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ።

«ከመጋዘንዎ የጎደለ ነገር አለ?»

«ወላሂ፣ የአይጥ መርዝ ብቻ ነው። ቁልፉን ግን መምህራኑም ይወስዱታል።»

የሟቹ ባልደረባ ዶክተር ሙላቱ ቃሉን በጽሑፍ ሰጠ፤ «የልዑልሰገድ ዱቄት አሲድ ሲነካው ፎስፊን ይተፋል» ብሎ ፈረመበት።

ኬሪያ ወረቀቱን ደጋግማ አነበበች፤ ኬሚስትሪ እያወቀች እስካሁን በመጠበቋ በራሷም ተናደደች። ከዚያ የመምህራኑን ክፍል መፈተሽ ጀመረች።

በማግስቱ ሦስቱንም ከአለቃዋ ጋር ላቦራቶሪ ሰበሰበች። ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ አወጣች።

«ይህ ከልዑልሰገድ ዱቄት የተረፈው ነው» አለችና አሲድ አፈሰሰችበት።

ኢክላስ ጮኻ ወደ በሩ ሮጠች። አቶ ጃማ ከዘራቸውን ጥለው ተከተሏት። አለቃዋም ወጣ። ሙላቱ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

«ዶክተር፣ ለምን አልሸሹም?»

ሙላቱ ዓይኑን ጠርሙሱ ላይ ተከለ።

ኬሪያ የወጡትን መለሰቻቸው። «አትፍሩ። ኒኬልና ፎስፎረስ ትስስራቸው ጠንካራ ነው፤ ይህ አሲድ አይፈታቸውም። የአይጥ መርዙ ዚንክ ፎስፋይድ ግን መልኩ ቢመሳሰልም አሲድ ሲያገኝ ፎስፎረሱን በፎስፊን ጋዝ መልክ ይለቀዋል። ሟቹ ያጠበው የራሱን ዱቄት አልነበረም፤ የሐሙስ ልማዱን የሚያውቅ ሰው ቀይሮበታል። ዶክተር፣ የፈረሙትን ቢያምኑት ኖሮ ይሸሹ ነበር። ካላመኑት ለምን ፈረሙ? የሟቹ እውነተኛ ዱቄት ያለበትን ይህን ጠርሙስ ያገኘሁት ከመጻሕፍትዎ ኋላ ነው። ለምን አልጣሉትም?»

«ይህን ማን ይጥላል?» አለ ሙላቱ። «እኔም ይህን ዱቄት ለማውጣት ሰባት ዓመት ለፋሁ። አንድ ቀን እንኳ አልወጣልኝም!»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ኬሪያ ወደ ኢክላስ ዞረች።

«ክሱ ቀርቷል። ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ኢክላስ አልተንቀሳቀሰችም። «ልዑልሰገድ ያንን ዱቄት ሲያጥብ ሐሙስ በመጣ ቁጥር አይቻለሁ። አንድም ቀን አልሸተተኝም። ሙላቱ ጋዙ ከዱቄቱ ነው ሲል ግን፣ ዶክተር ስለሆነ ዓይኔን ትቼ እሱን አመንኩ። እኔው ገደልኩት እያልኩ አምስት ሳምንት አልተኛሁም።»

ኬሪያ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። እሷም ሽታውን በመጀመሪያው ቀን አውቃው ነበር፤ አምስት ሳምንት ሙሉ ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ስትጠብቅ ከረመች።